ነጭ ሆኖ የቀረው ክር

(ደብረ ብርሃን፣ አርብ ከሰዓት በኋላ። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ጋሽ ላቀው የቄስ ካባ ጠርዝ እየሰፉ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርቷን የጨረሰችው ስመኝ አንድ ከረጢት ሙሉ የተቀዳደዱ ፓኬቶች ይዛ ገብታለች።)

ስመኝ፦ ይህን ነጭ ጨርቅ ማን ስፉበት አለዎት ጋሼ?

ላቀው፦ መጀመሪያ እንደምን ዋሉ ይባላል።

ስመኝ፦ እንደምን ዋሉ። ይህን ነጭ ጨርቅ ማን ስፉበት አለዎት?

ላቀው፦ እግዚአብሔር ይመስገን። የቱን ጨርቅ? ወደ ብርሃኑ አምጪው፤ ይሄ መነጽር ለመርፌ ቀዳዳ እንጂ ለሩቅ አይሆንም።

ስመኝ፦ ይኸውና። የፋሻዋ ምላስ ላይ፣ ከጫፏ ወጣ ባለችው ቁራጭ ላይ። እኔ አምጥቼ ያሳየሁዎት ናሙና ምላሷ ላይ ክር ነበረው፤ ጫፉ ወጥቶ የሚታይ። እርስዎ በሰፏቸው ላይ ግን የለም። ሁሉም በነጭ ጨርቅ ተሸፍነዋል። ፓኬቱን ሁሉ ቀድጄ አየሁ፣ የተረፈ አንድ እንኳ የለም።

ላቀው፦ አንድም አልዘለልኩም። እንዴት ነው፣ አማረ?

ስመኝ፦ አማረ ይላሉ?

ላቀው፦ ስፌቱ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ እስቲ ፈልጊው። አታገኚውም። እኔ ራሴ ብፈልግ አላገኘውም። ናሙናሽ ላይ ክሩ ተንጠልጥሎ ሳየው፣ ልጅቱ በእጇ ስትሰፋ መጨረስ አቅቷት የተወችው ነው አልኩ። ከዚህ ቤት ክር ያንጠለጠለ ዕቃ ወጥቶ አያውቅም። ነጭ ጠርዝ አለበስኩት። እንደ ምርቃት ቁጠሪው።

ስመኝ፦ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።

ላቀው፦ ተረቱ ለማን ነው?

ስመኝ፦ ይቅርታ ጋሼ። ተናድጄ ነው። ግን የክሩ ሥራ መታየት ብቻ ነበር። ሌላ ሥራ የለውም። ሲደርቅ ነጭ ነው፣ እርጥበት ሲደርሰው ሰማያዊ ይሆናል። የነከርኩት እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ ተበላሽቶብኝ፣ ጣቴ ሰማያዊ ሆኖ፣ እናቴ ምን ነክተሽ ነው እያለች ከማዕድ ስታስነሳኝ ከርሜ ነው የተሳካልኝ። ውስጥ ያለው ጨርቅ ሲሞላ እርጥበቱ በክሩ ሽቅብ ይወጣና ምላሷ ትቀየራለች። ያን ጊዜ የያዘችው ሰው አይታ ትቀይራለች። እርስዎ ደግሞ ሸፈኑት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ።

ላቀው፦ ይሄን ሁሉ መቼ ነገርሽኝ? አንቺ የነገርሽኝ ለሆስፒታል ነው ብለሽ ነው። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ቁስል ላይ የሚታሰር ፋሻ ነው አልሽኝ። እዚያው በሩ ላይ ቆመሽ፣ መሬት መሬት እያየሽ።

ስመኝ፦ ብያለሁ።

ላቀው፦ እኔም ይህችን ይዤ አሰብኩ። የተኛ ሰው አለ። ጠያቂ ይመጣል፣ ብርቱካኑን ያስቀምጥና ራስጌው ይቆማል። ስሰፋው ደግሞ ክሩ ከውስጥ ተነስቶ ውጭ ድረስ ስለሚወጣ ደሙን ይዞ እንደሚወጣ ገባኝ። ጠያቂ ሁሉ እንዲያየው ነው? ሰው ደሙ እንዲታይበት አይወድም። እኔ እንኳ ሆዴን ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ጎረቤት ሲመጣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ነበር የምስበው። አዘንኩለትና ሸፈንኩለት። አንዱን በጨረስኩ ቁጥር እግዚአብሔር ይማርህ እያልኩ ነው ያጣጠፍኩት።

ስመኝ፦ ይህን ባይነግሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ላቀው፦ ለምን?

ስመኝ፦ በሽተኛ የለም።

ላቀው፦ ዳነ?

ስመኝ፦ መጀመሪያውኑም አልነበረም።

ላቀው፦ እንግዲያው ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ቁጭ በይና ንገሪኝ። ምንድን ነው የሰፋሁት?

ስመኝ፦ ሴቶች የሚጠቀሙበት ነገር ነው።

ላቀው፦ ሴቶች ስንት ነገር ይጠቀማሉ። መቀነትም ይጠቀማሉ።

ስመኝ፦ በየወሩ የሚጠቀሙበት።

ላቀው፦ በየወሩ ምን?

ስመኝ፦ ያውቁታል ጋሼ። አያድርቁኝ።

ላቀው፦ ለ... ለአደፍ ነው?

ስመኝ፦ አዎ።

ላቀው፦ አንሺው።

ስመኝ፦ ማንም ያልነካው አዲስ ነው እኮ።

ላቀው፦ ከጠረጴዛው ላይ አንሺው ብያለሁ። ካባው አጠገብ አታድርጊው። ይሄ ካባ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እሑድ ሰኔ ሚካኤል ነው። ታቦቱ ሲወጣ መምሬ ፈለቀ የሚለብሱት ነው። ይሄ መኪና መጋረጃ የሰፋ ነው፣ ድባብ የሰፋ ነው። አባቴ ሲያወርሰኝ፣ በዚህ ላይ የምትሰፋውን ለይ ብሎኛል። የመጠጥ ቤት መጋረጃ እንኳ አልሰፋም ብዬ ስንት ደንበኛ መልሻለሁ። አንቺ ግን አደፍ መቀበያ አሰፋሽኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።

ስመኝ፦ ንቄዎት አይደለም።

ላቀው፦ ታዲያ ምንድን ነው?

ስመኝ፦ እውነቱን ብነግርዎት ይሰፉልኝ ነበር?

ላቀው፦ አልሰፋልሽም ነበር።

ስመኝ፦ ይኸው።

ላቀው፦ ይኸው ምን? አልሰፋም ብዬ እሸኝሽ ነበር፣ አንቺም ተቀይመሽኝ ትሄጂ ነበር። አልሰፋም ማለት የእኔ ነበር። የሰረቅሽኝ እሱን ነው። አሁን ደግሞ የሰረቀችው ልጅ መጥታ ቆማ ትቆጣኛለች።

ስመኝ፦ ከተማውን ዞሬ ነው እርስዎ ጋ የመጣሁት። ገበያው ውስጥ ያሉት መኪኖች ከሥር ያለውን ላስቲክ ይቀድዱታል፤ ከተቀደደ ደግሞ ያፈሳል። አንዱ ሰፊ ምን እንደሆነ ስነግረው ጎረቤቶቹን ጠራ። ኑ እዩ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ይሄን ነው ብሎ። ሦስት ወንዶች እጄ ላይ ያለውን እያዩ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ለማንም አልነገርኩም። የእርስዎ ሲንጀር ብቻ ነው ላስቲኩን ሳይጎዳ የሚበሳው።

ላቀው፦ ሲንጀሩ አይዋሽማ። አንቺ ዋሸሽ እንጂ።

ስመኝ፦ እሺ ዋሸሁ። አሁን የመጣሁት ለንትርክ አይደለም። እስከ ነገ ማታ ክሩ ወጥቶ እንዲታይ ሆኖ እንደገና እንዲሰፉልኝ ነው።

ላቀው፦ እንደገና?

ስመኝ፦ ምላሷን ብቻ። አዲስ ምላስ ቆርጬ፣ ክሩንም ነክሬ አምጥቻለሁ። የእርስዎን ስፌት ልፈታው ሞክሬ ነበር፤ አልፈታ ብሎኝ ላስቲኩ ተቀደደ።

ላቀው፦ የእኔ ስፌት መቼ ተፈትቶ ያውቃል።

ስመኝ፦ አይኩሩበት ጋሼ፣ እባክዎ።

ላቀው፦ ጨርሰሻል? እንግዲህ ስሚኝ። ዛሬ አርብ ነው። የካባው ጠርዝ ገና ነው፣ ገበሩ ገና ነው። ነገ ከሰዓት መምሬ ሊለኩት ይመጣሉ። እሑድ በዓል ነው፣ መርፌ አላነሳም። ጊዜ ቢኖረኝም አልሰፋም፤ የለኝም። ከረጢትሽን ያዢና በሰላም ሂጂ።

ስመኝ፦ ሰኞ ፈተና ነው።

ላቀው፦ የማን?

ስመኝ፦ የስምንተኛ ክፍል። የሐመልማል።

ላቀው፦ ያቺ ቀጭኗ እህትሽ? ጨርቁን ተሸክማልሽ የመጣችው? ይሄ መኪና በእግር ተረግጦ በእጅ ለምን ይሰፋል ብላ ሥራ ያስፈታችኝ?

ስመኝ፦ እሷ። አሁን እሷም ሥራ ፈትታለች። ከማክሰኞ ጀምሮ ከቤት አልወጣችም።

ላቀው፦ ምን አገኛት?

ስመኝ፦ የእርስዎ ነጭ ጨርቅ አገኛት።

ላቀው፦ በቀጥታ ተናገሪ።

ስመኝ፦ ማክሰኞ የሙከራ ፈተና ነበር። ጠዋት ስትወጣ እኔ ነኝ ከነፓኬቱ የሰጠኋት። እንዴት እንደምታይ አስተምሬያታለሁ። ምላሷ ወገቧ ላይ ትወጣለች፤ ከሸሚዟ ሥር። ጠረጴዛው ሥር ሸሚዙን ገለጥ አድርጋ ብታይ ማንም አያውቅባትም። ነጭ ከሆነ ተቀመጪ፣ ሰማያዊ ከሆነ ቶሎ ተነሺ አልኳት።

ላቀው፦ ወጥታ ብታይ አይሻልም ነበር?

ስመኝ፦ የት ወጥታ? የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በር የለውም። ጓደኛዋ ሹራብ ዘርግታ ካልቆመችላት አትገባም። ፈተና ላይ ደግሞ ጓደኛ አስከትሎ መውጣት የለም። እርስዎ አያውቁትም እንጂ ሴት ልጆች እንዴት እንደሚውሉ... አንዷ ትነሳና ትንሽ ራመድ ትላለች፣ ከኋላዋ ያለችውን ኋላዬን እዪልኝ ትላለች። ያቺም ታያለች። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ቀኑን ሙሉ ሐሳባቸው እሱ ላይ ነው። ሒሳቡም እንግሊዝኛውም በዚያ መሃል ነው የሚገባው። እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት። ይህን ነገር የሠራሁት ኋላዬን እዪልኝ የሚባል ነገር እንዲቀር ብዬ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ላቀው፦ እና ማክሰኞ?

ስመኝ፦ ማክሰኞ ሐመልማል ጠረጴዛው ሥር አየች። ነጭ ነው። ጥቂት ቆይታ አየች። ነጭ ነው። እርጥበት ሲሰማት እንኳ እህቴ ነጭ ከሆነ ተቀመጪ ብላኛለች ብላ ራሷን አላመነችም። ወረቀቷን ጨርሳ ተነሳች፣ አስረከበች። በሩ ጋ ስትደርስ መምህሩ ጠራት። ወንበሩ ላይ ቀይ እስክርቢቶ የፈሰሰ መስሎታል። ተመለሺና ጥረጊው አላት።

ላቀው፦ ወንበሩን?

ስመኝ፦ ወንበሩን።

ላቀው፦ ክፍሉ ውስጥ ሰው ነበር?

ስመኝ፦ ሙሉ። ወንዱም ሴቱም። ተመለሰችና በሹራቧ ጠረገችው። ስትጎነበስ ደግሞ ከኋላ ያሉት ቀሚሷን አዩ። መምህሩ ያኔ ገባው፤ ዞሮ ሰሌዳ ማጥፋት ጀመረ፤ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ።

ላቀው፦ እግዚኦ።

ስመኝ፦ ማታ ቤት ስገባ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ብትቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር። አየሁት እኮ ስመኝ፣ ነጭ ነበር ነው ያለችኝ። እሱኑ ትደጋግማለች። ዋሸሽኝ እንኳ አላለችም። የቀሩት የክፍሏ ልጆችም በማግሥቱ የሰጠኋቸውን በፌስታል ጠቅልለው አጥራችን ላይ አንጠልጥለውት ሄዱ።

ላቀው፦ አባትሽ ምን አለ?

ስመኝ፦ አባቴ ምክንያቱን አያውቅም። ሰነፈች ነው የሚለው። ሰኞ ካልተፈተነች ቤት ቁጭ ብላ አትውልም፣ መንዝ አክስቷ ጋ ትሂድና ሥራ ታግዝ ብሏል። መንዝ የሄደችው ታላቅ እህታችን እስካሁን እዚያው ናት፤ ልጆች ወልዳለች።

ላቀው፦ ለምን አትነግሩትም?

ስመኝ፦ ማን ይንገረው? እናቴ ታፍራለች፣ ሐመልማል ትታነቃለች።

ላቀው፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ስመኝ፦ በሽታ አይደለም ጋሼ።

ላቀው፦ ተረቱን ነው የተረትኩት፤ እኔ አልፈጠርኩትም።

ስመኝ፦ ትናንት ለምኜ ለምኜ አንድ ነገር አለችኝ። ክሩ ሰማያዊ ሲሆን በዓይኔ ካየሁ እሄዳለሁ አለችኝ። ውሃ አፍስሳ ራሷ ልትሞክረው። ካልሆነ ግን አልሄድም አለች። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ እኔ በእሷ ተጫወትኩባት። አሁን የቀረኝ ነገ ብቻ ነው።

ላቀው፦ እና ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

ስመኝ፦ ያልታዘዙትን ሰፉ።

ላቀው፦ አንቺስ የሰፋሁትን ስትረከቢ ለምን አላየሽም? ናሙናው እጅሽ ላይ፣ የሰፋሁት ጠረጴዛው ላይ። አንዱን ከፍተሽ ጎን ለጎን ብታደርጊው እዚሁ፣ ያኔውኑ፣ ጋሼ ተሳስተዋል ትዪኝ ነበር። የሙሽራ ቀሚስ የሚወስድ ገልብጦ ያያል፣ ሱሪ የሚያሳጥር እንኳ ለክቶ ነው የሚሄደው። አንቺ ግን ከረጢቱ ውስጥ ከተሽ ሩጫ። ምን ቸኮለሽ?

ስመኝ፦ አልቸኮልኩም።

ላቀው፦ ታዲያ?

ስመኝ፦ አፈርኩ።

ላቀው፦ ማንን?

ስመኝ፦ እርስዎን። ፊትዎ ከፍቼ ሳገላብጠው ምን ይሉኛል ብዬ።

ላቀው፦ እኔን፤ በእጄ ስቆርጥ ስሰፋው የሰነበትኩትን?

ስመኝ፦ አውቃለሁ። ሲሉት ያስቃል።

ላቀው፦ አያስቅም። የሚታይ ነገር ሠርተሽ ለማየት ያፈርሽው አንቺው ነሽ። እኔን ሸፈኑት ትይኛለሽ፤ ከእኔ በፊት አንቺ ሸፍነሽው ነው የመጣሽው። እኔ በላዩ ጠርዝ ጨመርኩበት እንጂ።

ስመኝ፦ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ከማላውቀው ሰው ፊት ብቆም እናገረዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መቶ ሰው ፊት ቆሜ፣ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አድርጌ አስረድቻለሁ፣ አጨብጭበውልኛል። እዚህ በር ላይ ስደርስ ግን የክርስትና ልብሴን የሰፉልኝ ሰውዬ ናቸው ቁጭ ያሉት። የእናቴን ጥበብ የሰፉ። ፋሻ ነው አልኩ። ከዚያ ሐመልማልን ስልካት፣ ሂጂ አትፈሪ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም እላታለሁ። ይህን እያልኳት ነው የላክኋት። ራሴን ማነቅ ነው የሚያምረኝ።

ላቀው፦ ተይ እንዲህ አይባልም። ... ሚስቴ ደብሪቱ ነፍሷን ይማረውና፣ ዕድሜ ልኳን አብራኝ ስትኖር ይህን የወሩን ነገር ከአፏ አውጥታው አታውቅም። ጨዋ ሴት ነበረች።

ስመኝ፦ እና ምን ትጠቀም ነበር?

ላቀው፦ ምኑን?

ስመኝ፦ በየወሩ። ያኔ በሱቅ የሚሸጥ ሞዴስ የለ። ምን ትጠቀም ነበር?

ላቀው፦ እኔ በምን አውቃለሁ። የሴት ጓዳ ገብቼ አላውቅም።

ስመኝ፦ ልብስ ሰፊ ሆነው ሚስትዎ ምን እንደምትይዝ አልጠየቁም?

ላቀው፦ ምን ይጠየቃል? ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አንዳንዴ ከቅጥሩ ውጭ ትቀራለች፤ ያኔ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። ሰው ቤት ስንሄድ ቆማ ነው የምትመለሰው። ለቅሶ ቤት እንኳ ቁጭ በይ እያሏት በር ላይ ቆማ ታለቅስና ትሄዳለች። ኩሩ ናት፣ ወንበራችንን ናቀች ይሏት ነበር። እኔም ለምን አትቀመጪም፣ ታሰድቢኛለሽ ብዬ ተቆጥቻታለሁ።

ስመኝ፦ ሁልጊዜ ነበር የምትቆመው?

ላቀው፦ ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንድ...

ስመኝ፦ አንዳንድ ጊዜ።

ላቀው፦ ... አንዳንድ ጊዜ። ቆይ። ቆይ እስቲ።

ስመኝ፦ ምነው ጋሼ?

ላቀው፦ ቁርጥራጭ ትለቅም ነበር። ማታ ሱቁን ስዘጋ ትመጣና ከዚህ መኪና ሥር ተንበርክካ የወደቀውን ቁርጥራጭ ሁሉ ትለቅማለች። ምን ያደርግልሻል ስላት ለትራስ ነው ትለኛለች። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ቆጣቢ ናት፣ ምንም አትጥልም እያልኩ ለጓደኞቼ አወራ ነበር።

ስመኝ፦ ለትራስ?

ላቀው፦ ትራስ ነበር የምትለኝ። ቤታችን ያሉት ትራሶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የተገዙ። ሌላ ትራስ አይቼ አላውቅም።

ስመኝ፦ ጋሼ...

ላቀው፦ ከዚህ መኪና ሥር የሚወድቀው ደግሞ አብዛኛው የካባና የመጋረጃ ቁራጭ ነው። ሳቲን ነው ስመኝ። ሳቲን ውሃ አይዝም።

ስመኝ፦ አይዝም።

ላቀው፦ እኔ ደግሞ ለምን አትቀመጪም እያልኩ እቆጣታለሁ። አንድ ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ጥጥ እገዛላት ነበር። እንዲህ ያለውን ምን ያቅተኛል፣ ከላይ ለስላሳ ከሥር ላስቲክ፤ እኔ ለማላውቀው በሽተኛ እየጸለይኩ የሰፋሁትን። ጎኔ ለተኛችው ግን...

ስመኝ፦ እርስዎንም አፍራ ነው።

ላቀው፦ አንቺም አፈርሽ፣ እሷም አፈረች። እኔ ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው ሰው ሁሉ የሚፈራኝ?

ስመኝ፦ አልፈራንዎትም። እናከብርዎታለን።

ላቀው፦ ይቅርብኝ እንዲህ ያለው ክብር። ከረጢቱን አምጪው።

ስመኝ፦ የት ላስቀምጠው?

ላቀው፦ ጠረጴዛው ላይ ነዋ። ካባውን አንሺና እዚያ ማንጠልጠያው ላይ ስቀይው። በወርቁ በኩል አትያዢው፣ እጥፉን ጠብቂ። እንደሱ። አሁን ትእዛዝሽን እንደ ሰው ስጪኝ። ሰፊ የሚሰፋውን ሳያውቅ መቀስ አያነሳም። ምንድን ነው ይሄ?

ስመኝ፦ ያው የነገርኩዎት ነው።

ላቀው፦ አልነገርሽኝም። እኔ ነኝ አደፍ ያልኩት፤ አንቺ አዎ ነው ያልሽው። በራስሽ አፍ።

ስመኝ፦ የወር አበባ መቀበያ ነው።

ላቀው፦ ለማን ነው?

ስመኝ፦ ለእህቴ ለሐመልማል። ለክፍሏም ልጆች፣ ከተመለሱልኝ።

ላቀው፦ ክሩስ?

ስመኝ፦ ክሩ ምላሷ ላይ ይወጣል፣ ምንም አይደረግበትም፣ አይሸፈንም። ሲሞላ ሰማያዊ ይሆናል። ወገቧ ላይ ሆኖ ከሸሚዟ ሥር ለእሷ ብቻ ይታያታል።

ላቀው፦ ለእሷ ይታይ፣ ለሌላው አይታይ። ይህን ያኔ ብትዪኝ ኖሮ ምን ያጨቃጭቀን ነበር? ክሩ እንዳይመዘዝ ሁለት ቦታ በስፌት ረገጥ አደርገዋለሁ፣ ጫፉን ግን አልነካውም። እጄ ሊቆርጠው ቢል አንቺ መቀሱን ውሰጅብኝ፤ የለመደ እጅ አይታመንም። አንዱን መጀመሪያ እጨርሳለሁ። ይዘሽ ሩጪና ሐመልማል ውሃ ታፍስስበት። በዓይኗ ትየው።

ስመኝ፦ ሁሉንም ከሰፉ ግን ካባው ለነገ አይደርስም።

ላቀው፦ አይደርስም።

ስመኝ፦ ጋሼ፣ መምሬ ፈለቀ ነገ ሊለኩ መጥተው ጠረጴዛው ላይ ይህን ሲያዩስ? ... ለሆስፒታል ነው ይበሏቸው። አስቸኳይ የሆስፒታል ሥራ መጣብኝ ቢሏቸው ይገባቸዋል።

ላቀው፦ አልልም። ካባዎ አልደረሰም፣ የሴት ልጆች የወር አበባ መቀበያ እየሰፋሁ ነው፣ እሑድን በአሮጌው ያሳልፉ እላቸዋለሁ። ከተቆጡም ይቆጡ። ሚካኤል እንደሆነ በየወሩ አለ፤ የእሷ ሰኞ ግን አንድ ናት።